የቀኝ ጆሮው አልቆመም

ጥያቄዬን እዚህ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የለጠፍኩት በገና ማግሥት ነው። ጥቅምት መግቢያ ላይ ጀርመን ሼፐርድ ነው ተብዬ አንድ ወንድ ቡችላ ገዛሁ። ልጄ ቦቢ አለችው። አሁን አምስት ወር ሞላው። ግራ ጆሮው እንደ ቀንድ ቀጥ ብሏል። ቀኙ ግን መሐሉ ላይ ታጥፎ ወደ ዓይኑ ይወድቃል። ጎረቤቴ አጥሩ ላይ ተደግፎ አየት አደረገውና ክልስ እንደሸጡልኝ ነግሮኝ ገባ። ሻጩ ጋ ስደውል ስልኩ አይነሣም።

እንግዲህ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ ፎቶ አንሥቼ ሁለት ነገር ጠየቅኩ። ውሻው ንጹሕ ዝርያ ነው ወይስ ተሸውጃለሁ? ጆሮው እንዲቆምስ ምን ላድርግ? ሦስት አራት ሰው ይመልስልኛል ብዬ ነበር። 34 መልስ መጣ። ገሚሱ ስለ ጆሮ አይደለም። ከኋላ የምትመጡ ሁሉን ከማንበብ እንድትድኑ፣ እዚሁ ክሩ (የጥያቄዬና የመልሶቹ ሰንሰለት) ሥር እንደገባኝ ልተርክላችሁ።

1ኛው መልስ ጨዋ ነበር። እንኳን ደስ ያለህ ካለኝ በኋላ፣ ጆሮውን ትቼ አፉን ከፍቼ እንዳይ መከረኝ። ቡችላ 28 የወተት ጥርስ አለው። አራተኛው ወር ገደማ መርገፍ ይጀምራሉ፤ በቦታቸው 42 ቋሚ ጥርስ ይወጣል። በዚያ ሰሞን ጆሮ አንዴ ይቆማል፣ አንዴ ይወድቃል። ሄጄ ከፈትኩት። እውነትም የላይኛው ክራንቻ ሁለት ሆኗል። አዲሱ ወፍራም ነው፤ አሮጌው እንደ መርፌ ቀጥኖ ጎኑ ላይ ተለጥፏል። በማግሥቱ አንዲት ጥርስ ምንጣፉ ላይ አገኘን። የሩዝ ፍሬ ታክላለች። ልጄ ክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀመጠቻት።

2ኛው የካልሲየም ሰው ነው። የእንቁላል ቅርፊት አድርቄ፣ ፈጭቼ፣ በወተት እንድሰጠው አዘዘኝ። ካልሆነም ከፋርማሲ የልጆች ሽሮፕ። 3ኛው ደገፈው፤ አጥንት ጨመረበት። እኔም ቅርፊት ማጠራቀም ጀምሬ ነበር፣ አልዋሽም።

4ኛው ላይ አንድ የእንስሳት ሐኪም ደረሰ። እስከ መጨረሻው አብሮን ስለቆየ ዶክተሩ እያልኩ ልጥራው። ቁጣው ከመጀመሪያው መስመር ያስታውቃል። የጆሮ ቅርጽ የሚይዘው ልም አጥንት ነው፤ በካልሲየም የሚጠነክር አጥንት አይደለም። የትልልቅ ዝርያ ቡችላ ደግሞ ትርፍ ካልሲየም ሲሰጠው አንጀቱ መከልከል አይችልም፤ ትርፉንም ያስገባል። ያኔ እግሩ ተጣሞ ያድጋል። የቡችላ ምግብ በልኩ የሚበላ ውሻ ምንም አይጨመርለትም። ጆሮ አቆማለሁ ብሎ እግር የሚያጣምም ሰው በየሳምንቱ ክሊኒኩ እንደሚመጣም ጻፈ።

2ኛው ሰውዬ በ5ኛው ተመልሶ መጣ፣ ተከፍቶ። የእሱ ውሻ በቅርፊት ነው የቆመለት፤ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። 6ኛው መልስ አንዲት መስመር ናት። በራቸው ላይ የምታድረው የሐበሻ ውሻ ሁለቱም ጆሮዋ እንደ ጦር የቆመ ነው፤ ካልሲየሙን ማን እንደሰጣት ጠየቀ። ቅርፊቱን ያን ቀን ጣልኩት።

7ኛው የጋሼ ነው። መድረኩ ላይ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ዕድሜያቸውን ራሳቸው ስለሚያነሡት። ከታሪኩ ጀመሩ። ማክስ ፎን ስቴፋኒትዝ የሚባል የጀርመን ፈረሰኛ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1899 በአንድ የውሻ ትርዒት ላይ ተኩላ የመሰለ የበግ ጠባቂ አየ። እዚያው ገዛው። ስሙን ሆራንድ አለው፤ በመዝገቡ ላይም አንደኛ አድርጎ ጻፈው። የዛሬዎቹ ሁሉ ከእሱ የሚጀምሩ ናቸው። ጋሼ ይህን የተረኩት ለጨዋታ አልነበረም። ይህ አካል የተሠራው ቀኑን ሙሉ መንጋ ሲዞር እንዲውል ነው። ግቢ ውስጥ አስረህ ብታስቀምጠው ጉልበቱ የት ይሂድ? ወይ ጫማህን ይበላል፣ ወይ ጅራቱን እያሳደደ ይዞራል።

ከዚያ ልኬቱን ሰጡኝ። ያደገ ወንድ ቁመቱ ከ60 እስከ 65 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ነው። ሴቷ ከ55 እስከ 60፣ ከ22 እስከ 32 ኪሎ። ቁመት የሚለካው ከጭንቅላቱ አይደለም፤ አንገቱ ከጀርባው ከሚገናኝበት ከጫንቃው ጫፍ እስከ መሬት ነው። የአናጺ ሜትር ይዤ ወጣሁ። ቦቢ ሜትሩን ነከሰው። በሦስተኛው ሙከራ 52 ሆነ። ለክብደት ደግሞ አቅፌው ሚዛን ላይ ወጣሁ፣ ከዚያ ብቻዬን ወጣሁ፤ ልዩነቱ 21 ኪሎ። ጋሼ ለዕድሜው ጥሩ እንደሆነና ከዚህ በላይ ማወፈር እንደሌለብኝ መለሱ። የዚህ ዝርያ ዳሌ መገጣጠሚያው መላላት ያጠቃዋል። በልጅነቱ የተሸከመው ትርፍ ኪሎ ያባብስበታል። ዓመት እስኪያልፈው ደረጃ እየዘለለ እንዳይሮጥም አስጠነቀቁኝ። እኛ ቤት ደረጃ አለ። ምን ይደረግ፣ ታች እንዲያድር አደረግን።

8ኛው ፎቶውን አይቶ ፈረደ። ጀርባው ወደ ኋላ አልተዳፋም፤ ስለዚህ ንጹሕ አይደለም። ይሄኛው ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ነው፣ እኔንም አስደነገጠኝ። 9ኛው ግን ሰከን ብሎ አረመው። ያ መዳፋት ለትርዒት ተብለው የተረቡት ላይ የበዛ ነገር ነው። ደግሞም ለፎቶ ሲያቆሟቸው አንዱን የኋላ እግር ወደ ኋላ ስለሚጎትቱት የበለጠ ይታያል። የመጀመሪያዎቹ ውሾች፣ ሆራንድን ጨምሮ፣ ጀርባቸው ከዚህ ይልቅ ቀጥ ያለ ነበር። ለሥራ የሚረቡት ዛሬም እንዲሁ ናቸው።

ከ10ኛው እስከ 12ኛው ግምት ነው። አንዱ የቤልጂግ ማሊኗ ነው አለ። ሌላው ማሊኗ ቀለል ያለ፣ ጎኑና ቁመቱ እኩል፣ ፊቱ ጥቁር ጭንብል ያጠለቀ የሚመስል ውሻ እንደሆነ ነግሮ ከለከለው። ሦስተኛው የውሻውን ዋጋ ብቻ ጠየቀ።

13ኛው ላይ ወሬው መንገድ ሳተ። ግን ጥሩ ስህተት ነበር። አንዲት የድሬዳዋ ሴት ሰማያዊ ዓይን ያለው ሐስኪ ተሰጥቷት ስታሳድግ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ውሻው ሻወር ቤት ገብቶ ሆዱን ሴራሚኩ ላይ ዘርግቶ ይውላል። ውሃ ሳህኑን በእግሩ ገልብጦ እርጥቡ ላይ ይተኛል። ሌሊት ደግሞ አይጮህም፣ ያላዝናል፤ ሰፈሩ ሙሾ መስሎት ነው የሚነቃው። ፀጉሩን ሙልጭ አድርጋ ብትላጨው ይሻለው እንደሆነ ልትጠይቅ ነበር የገባችው። 14ኛው እንድትላጨው መከራት።

ዶክተሩ በ15ኛው ዘለለ። ሐስኪ ሳይቤሪያ ውስጥ ቹክቺ የሚባል ሕዝብ ለበረዶ ያሳደገው ነው። ፀጉሩ ሁለት ድርብ ነው። የታችኛው እንደ ጥጥ ይለሰልሳል፣ የላይኛው ሸካራ ነው። የላይኛው ፀሐይም ይከላከልለታል። ተላጭቶ የሚበቅለው ብዙ ጊዜ እንደ ድሮው አይሆንም፤ ቆዳውም ይቃጠላል። መላጨት ሳይሆን የረገፈውን የታችኛውን ፀጉር ማበጠር ነው መፍትሔው። ውሻ እንደ ሰው በገላው አያልበውም። የሚቀዘቅዘው አፉን ከፍቶ በማለክለክ ነው። ስለዚህ ሽርሽሩ ጎህ ሲቀድ ወይም ከመሸ በኋላ ይሁን። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ሌሊቷ ለሐስኪም ይስማማል። ድሬዳዋ ግን ሌላ ነገር ናት። ሴትዮዋ አመሰገነችው። እኔ ለቦቢም ማበጠሪያ ገዛሁ፤ እሱም ድርብ ፀጉር ነውና። መጀመሪያ ቀን የወጣው ፀጉር ሌላ ትንሽ ውሻ ይወጣዋል።

16ኛዋ ከዱባይ ናት። በሰው ቤት ትሠራለች፤ ከልጆቹ በላይ የምትንከባከበው ሁለት የፈረንሳይ ቡልዶግ ነው። እንዲህ ያለ ዝርዝር ሌላ ቦታ አላነበብኩም። አፍንጫቸው ወደ ውስጥ የገባ ስለሆነ ተኝተውም ቆመውም ያንኮራፋሉ። ፊታቸው ላይ ያለውን የቆዳ እጥፋት በየቀኑ በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች፣ ከዚያ በደረቅ። አንድ ቀን ከዘለለች ይሸታል፣ ይቀላል። ከመውጣቷ በፊት የእጇን ጀርባ አስፋልቱ ላይ ታስቀምጣለች። እሷ ካልቻለች እነሱም አይችሉም፣ መዳፋቸው ይላጣል። አሠሪዎቿ ለእረፍት ሲሄዱ ውሾቹን ይዘው መብረር አልቻሉም፤ አፍንጫ ደፍጣጣ ውሻን በጭነት ክፍል የማይቀበሉ አየር መንገዶች ብዙ ናቸውና። ሴቷ የወለደችውም በቀዶ ጥገና ነው። የቡችሎቹ ጭንቅላት ለጠባቡ ዳሌዋ ስለሚተልቅ የዚህ ዝርያ አብዛኞቹ እንደዚያ ነው የሚወልዱት። መልሷን የጨረሰችው ውሾቹ ከእሷ የተሻለ ሕክምና እንደሚያገኙ ጠቅሳ ነው። ለዚህ ማንም መልስ አልሰጠም።

17ኛው መራራ ነበር። ሰው ልጁን ማስተማር ባቃተው ዘመን የፈረንጅ ውሻ ጆሮ አልቆመም ብሎ ማልቀስ ነውር እንደሆነ ነገረኝ። ንጹሕ ደም የሚለው ቃልም አስጠላው፣ የሰው አመል ወደ ውሻ ተሻገረ በሚል። 18ኛው ግመሉም ይሄዳል የሚለውን ተረት አምጥቶ 17ኛውን የሚጮኸው ወገን አደረገው። ከዚያ የመጡትን ሁለት መልሶች የመድረኩ አወያይ አጠፋ። ምን እንደነበሩ አይቻለሁ፣ መጥፋታቸው ደግ ነው። የ17ኛው ግማሹ ግን ውስጤ ቀርቷል።

ለዚያ ጥሩ መልስ የሰጠው 21ኛው ነው፣ ከእስራኤል። እዚያ ከነዓን ውሻ የሚባል ዝርያ አለ። ጆሮው የቆመ፣ ጅራቱ ጀርባው ላይ የተጠቀለለ፣ መልኩ አሸዋማ። ጎንደር ያሳደጋቸውን ውሾች ነው የሚመስሉት። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሩዶልፊና ሜንዜል የምትባል ከኦስትሪያ የመጣች ሴት ከበረሃና ከቤዱዊኖች ሰፈር እየሰበሰበች እስክትመዘግባቸው ድረስ ማንም ዝርያ አይላቸውም ነበር። የመንገድ ውሻ ነበሩ። መዝገብ ሲከፈትላቸው ንጹሕ ሆኑ። እኛ ደጅ የሚያድረው ውሻም ያጣው ደም አይደለም፣ ደብተር ነው። እዚህ ላይ 17ኛው ሰውዬ በሁለት ቃል ተስማማ። በዚህ ክር ውስጥ ሐሳቡን ሲያለሳልስ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

22ኛው የድሮ ሰው መድኃኒት ይዞ መጣ። የቆመውንም የወደቀውንም ጆሮ ጫፍ መቁረጥ፣ ሚጥሚጣ በሥጋ ማብላት፣ ቀን ጨለማ ቤት መዝጋት። ኃይለኛ ይሆናል አለ። የዶክተሩን መልስ እዚህ አልጽፈውም። ፍሬው ግን ይህ ነው፤ ሚጥሚጣው ጨጓራውን ያቆስለዋል፣ ጨለማውም ፈሪ ያደርገዋል። ፈሪ ውሻ ደግሞ ሌባውን ትቶ እንግዳውንና ሕፃኑን ነው የሚነክሰው።

24ኛው ድንገት ሉሉን አነሣ። የጃንሆይን ትንሽ ውሻ። እንግዲህ ምን ልበላችሁ፣ ሦስት መልስ ሉሉ ላይ አለቀ። አንዱ ቺዋዋ ናት አለ። ሌላው ቺዋዋ ሦስት ኪሎ እንኳ የማይሞላ፣ አናቱ ላይ እንደ ሕፃን እርግብግቢት ያለው፣ በትንሽ ብርድ የሚንቀጠቀጥ ውሻ መሆኑን አስረድቶ፣ በፎቶ የሚያየው እንደማይመስለው ተከራከረ። ጋሼ ቤተ መንግሥቱ ግቢ መቃብሯ ላይ ድንጋይ እንደቆመላት ጨመሩ። ወንድ ነው ሴት በሚለው ሊጣሉ ሲሉ አወያዩ ወደ ጆሮው መለሰን።

27ኛው የዲንሾ ልጅ ነው። ባሌ ተራሮች ሥር ያደገ። ጆሮ ካላችሁ አይቀር ቀይ ቀበሮን እዩ አለ። እግሯ ረጅም፣ አፏ ፍልፈል ከጉድጓድ ለመልቀም የሾለ። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሶች 500 አይሞሉም። እነሱን የሚጨርሳቸው ጠመንጃ አይደለም፣ የእኛው ውሻ ነው። የእረኛው ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞ ይወጣል፤ ከዚያ መንጋው ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ1991 እና 92፣ ቀጥሎም በ2003 ባሌ ላይ የሆነው ይህ ነው። ወብ ሸለቆ ውስጥም ከውሻ ተዳቅለው የተወለዱ ታይተዋል። ስለዚህ እነሱ ሰፈር ውሻ ማስከተብ ለባለቤቱ ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ቦቢ ተከትቧል ወይ?

ተከትቧል ብዬ ካርዱን ፎቶ አንሥቼ ለጠፍኩ። እግረ መንገዴን በጨዋታ መካከል የልጄን እጅ በጥርሱ እንደጫረ ጻፍኩ። ለጨዋታ ነበር የጻፍኩት።

29ኛው፣ ዶክተሩ፣ ጮኸብኝ። ካርዱ ላይ የእብድ ውሻ ክትባት የተሰጠበት ቀን ነሐሴ 28 ይላል። ውሻው የተወለደው ሐምሌ መጨረሻ ነው ብዬ ራሴ ጽፌያለሁ። የአንድ ወር ቡችላ ለዚህ ክትባት አይደርስም፤ በተለምዶ ሦስት ወር ሲሞላው ነው የሚወጋው፣ ከዚያም ይደገማል። ማኅተሙ አለ፣ የሐኪም ስም የለም። ሦስት ወር ሙሉ ያንን ካርድ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬ አንዴ አላነበብኩትም። ልጄን የጫራት መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ከነከሰ በኋላ 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ የቆየ ውሻ በዚያን ጊዜ ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ እንዳልነበረ ነገረኝና ትንሽ ተነፈስኩ። ሌላ ጊዜ ግን ቁስሉን ወዲያው 15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ማጠብ፣ ቀጥሎ ጤና ጣቢያ ወይም ፓስተር መሮጥ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። በማግሥቱ ጠዋት ቦቢን ወስጄ አስወጋሁት። በደም አስቀምጦ ቡችላ የሚገድለውን የፓርቮ ክትባትም እንደ አዲስ ጀመረ።

በ30ኛው ዶክተሩ ቀጠለ፣ ጥፋቴ ስላላለቀ። ከለጠፍኳቸው ፎቶዎች በአንዱ ቦቢ የገናውን በግ ሳምባ ይዞ ይታያል። በጥሬው። ሳምባውና ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ እብጠት ካለ ውስጡ የኮሶ ዘመድ የሆነ ትል እጭ ነው። ውሻው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ጥቃቅን ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ወጥቶ ፀጉሩ ላይ ይጣበቃል። ልጅ ዳብሳው እጇን ሳትታጠብ ትበላለች። ከዓመታት በኋላ የሰው ጉበት ላይ ያው የውሃ ከረጢት ያድጋል። ስለዚህ ሳምባ በደንብ ተቀቅሎ ነው የሚሰጠው፣ እብጠት ያለበት ደግሞ ውሻ ቆፍሮ ከማያወጣው ጥልቀት ይቀበራል። ለቦቢ ፕራዚኳንቴል አዘዘለት። የትል መድኃኒት ነው።

31ኛዋ እናት ናቸው። ሁዳዴ ሲገባ ውሻው 55 ቀን ሽሮ ሊበላ ነው ወይ ብለው የኔን ሐሳብ ቀደሙኝ። ሽሮ አይሆንም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ያበላሻል። እሳቸው ጓሮ ላይ ለብቻ ድስት አላቸው። ከጾሙ በፊት ሳምባና ጨጓራ ገዝተው ፍሪዘር ይሞላሉ፣ በበቆሎ ገንፎ ወይም በሩዝ ያበስላሉ፣ ጨው የለ፣ በርበሬ የለ። የበሰለ የዶሮ አጥንት አይሰጡም፤ እየተሰነጠቀ ይወጋል። ደረተ ጥልቅ ውሻ ስለሆነም ቀለቡን ለሁለት ከፍለው ያቀርባሉ፣ በልቶ ሲጨርስ ወዲያው አያስሮጡትም። ሆዱ ተነፍቶ ከዞረ በሰዓታት ይሞታል። ድስቷን ለመቅዳት ባለቤቴ ቁጥራቸውን ጠይቃ ደውላላቸዋለች፤ አሁን ከእኔ ይልቅ እነሱ ናቸው ወዳጅ።

32ኛው ከሜሪላንድ ነው። ጆሮውን በፕላስተር ማቆም እንደሚቻል በፎቶ አሳየ። 33ኛው ዶክተሩ ነው፣ ለመጨረሻ ጊዜ። ጥርሱ ተክቶ ሳይጨርስ እንዳልነካው፣ ሰባትና ስምንት ወር ድረስ እንድጠብቅ፣ ከዚያ ካልቆመ እንደማይቆም ነገረኝ። ዝርያውን በጆሮ ብቻ መፍረድ እንደማይቻል፣ ጆሮው ሳይቆም የቀረ ንጹሕ ጀርመን ሼፐርድም እንዳለ ጨመረ። ሁለቱም ጥያቄዬ የተመለሰልኝ በዚህ ነው።

34ኛው ያው ዋጋ ጠያቂው ነው። አሁንም ስንት እንደሆነ አልነገርኩትም።

ዛሬ መጋቢት ላይ ነን። ቦቢ ሰባት ወር አለፈው። ባለፈው ሰኞ በሩ ሲንኳኳ ተነሣ፣ ቀኝ ጆሮውም አብሮ ተነሣ። አልወደቀም። ጫፉ ብቻ ወደ ግራው ዘንበል ብሏል፣ ሚስጥር እንደሚነግረው ሰው። ጎረቤቴ አጥሩ ላይ ተደግፎ ብዙ አየውና የሻጩን ስልክ ጠየቀኝ። ሰጠሁት።